መርዶ የማይገባበት ቤት

የወይዘሮ ሶልያና ቤት ሳምንት ረቡዕና ዓርብ የለውም። በምትካቸው ሐሙስና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሶልያና ጾም ሽራ አታውቅም። ቤቱ ደግሞ ጡንቻዋ እንዳይሟሟ በየጠዋቱ እንቁላል መብላት እንዳለባት ወስኗል። አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት ከማሳመን ሁለት ቀን መሰረዝ ይቀላል፤ ስለዚህ ሰረዛቸው። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ሌላው ሰው የነቢያትን ጾም ይጾማል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ገና ካለፈ ሰነባብቷል።

«እማዬ፣ እንቁላልሽ እንዳይቀዘቅዝ» ይላል ቤቱ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ ነው፣ እማዬ።»

«ጾም አይደለም?»

«ገና አለፈ እኮ! ረሳሽው እንዴ?»

«እኔ ደግሞ የማልረሳው ምን አለ» ትልና ትስቃለች። ከዚያ አማትባ ትበላለች።

ድምፁ የልጇ የኪሩቤል ነው። ኪሩቤል ኅዳር ላይ ሞቷል።

ቤቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ አንድ ያረጀ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶልያና ከአልዛይመር ሕመም ጋር ብቻዋን ትኖርበታለች፤ በውሉ ቋንቋ «በቤቷ፣ በነፃነት፣ በደኅንነት»። አገልግሎቱ «ደኅና ነኝ» ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ሰው ሕዝቡን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ ጣር ላይ ያለ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት የሚመልሰውን ቃል መርጦ ነው የወሰደው።

ነፃነቷ ይህን ይመስላል። ምድጃው እሷ ስትነካው አይለኮስም። ቢላዋዎቹ ቲማቲም አይቆርጡም። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት የዛሬ ፊቷን አያሳያትም፤ አንድ ጊዜ ስታየው «ይህቺ አሮጊት ቤቴ ምን ትሠራለች?» ብላ ስለጮኸች፣ ከዚያ ወዲህ የአርባ ዓመት ሴት ነው የሚያሳያት። ሶልያና ጠዋት ጠዋት ያቺን ሴት ታበጥራታለች፣ ታመሰግናታለች።

በሩ አይቆለፍም። መቆለፍ ክልክል ነው፤ ነፃነትን ይነካል። መውጣት ስትፈልግ ግን ዝናብ ይጥላል። መስኮቶቹ ይጠቁራሉ፣ ውሽንፍሩ መስታወቱን ይደበድባል፣ ኪሩቤል «ካባራ በኋላ ትወጫለሽ፣ እማዬ» ይላታል። ጫማዋን መልሳ ታወልቃለች። «ዘንድሮስ ክረምቱ አልወጣ አለ» ትላለች። ውጭ የታኅሣሥ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ሴቶች ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተዋል።

በየማታው ለሴት ልጇ ለማራናታ መልእክት ይደርሳታል፤ «ደኅና ነኝ» የሚል፤ ከሥሩም የእናቷ የመረጋጋት መጠን። መጠኑ ከተፈቀደው በታች ከወረደ ሕጉ ማወላወያ የለውም፤ ሶልያና ብቻዋን መኖር አትችልም፣ ወደ ማእከል ትወሰዳለች። ማእከሉ ንጹሕ ነው። እዚያ የገቡ ሰዎች ይተኛሉ፤ ሌላ የሚሠሩት ነገር የለም።

ማራናታ አዲስ አበባ ናት፤ በዘመኑ ባቡር ከእናቷ ቤት ለመድረስ አንድ ዜና ሰምቶ መጨረስ ይበቃል። አትመጣም። «ከጉብኝት በኋላ ታለቅሳለች፤ መጠኗ ይወርዳል» ብሎ የመከራት ቤቱ ነው። መምጣት ስታቆም ድርጅቱ የምስጋና መልእክት ልኮላታል።

ኪሩቤል ድምፁን የሰጠው በሕይወቱ ሳለ፣ በቅን ልቦና ነው። እናቱ መድኃኒት ከእሱ በስተቀር ከማንም አልቀበልም ብላ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ሀዋሳ፣ ልቡ በድንገት ቆመ፤ ቀበሩት። ድምፁ ግን በማግስቱ እንደ ወትሮው ሥራ ገባ። ውሉ የሚጸናው «እስከ ተገልጋይዋ ሕልፈት» ነው፤ ድምፁን ስለሰጠው ሰው ሕልፈት ምንም አይልም።

በዚያው ፎቅ፣ ከሶልያና ፊት ለፊት ወይዘሮ ሊዲያ ትኖራለች፤ ጡረታ የወጣች ጠበቃ፣ ከሶልያና ጋር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛ። ከቀብሩ እንደወጡ ማራናታን ክንዷን ያዘቻት።

«እናትሽን መቼ ነው የምታረዷት?»

«አናረዳትም፣ እትዬ ሊዲያ።»

«አናረዳትም ማለት ምንድን ነው? ልጇ እኮ ነው የሞተው! የጎረቤት ድመት መሰለሽ?»

«ትረሳዋለች። በማግስቱ ኪሩቤል የት አለ ትላለች። እንደገና ላርዳት? በየጠዋቱ አዲስ ሬሳ ላምጣላት? እርስዎ ይችሉታል ይሄን?»

የምሯን ነበር የጠየቀችው።

«ብትረሳስ?» አለች ሊዲያ። «መርዶ የሚነገረው እንድታስታውሰው ነው እንዴ? እንድታለቅሰው ነው። እናቱ ናት። የሷን ለቅሶ ማን ያልቅስለት?»

«መጠኗ ይወርዳል። ይወስዷታል። እትዬ ሊዲያ፣ እለምንዎታለሁ… እኔ ሌላ ሰው የለኝም፤ እሷን ቤቷ ልያት።»

«መቼ ነው የምታዪያት?» አለቻት ሊዲያ፤ ክንዷን ለቃ ሄደች።

ራሷ ሞከረችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሯን አስጠግታ የሶልያናን እጅ ያዘች።

«ሶሊ፣ ስለ ኪሩቤል አንድ ነገር…»

«አሄሄ! እያማችሁኝ ነው?» አለ ግድግዳው።

ሶልያና በሳቅ ፈረሰች። «ይኸውልሽ! ስሙን ስትጠሪ ከተፍ ይላል፤ ይሄ ልጅ ዕድሜው ረጅም ነው።»

«ሶሊ፣ ስሚኝ። ይሄ ኪሩቤል አይደለም። ኪሩቤል ሞ…»

ማንቆርቆሪያው ጮኸ። ቀጥሎ የበሩ ደወል ተደወለ፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። «አረፈ» ልትል ስትል ሬዲዮው ተከፈተ፤ «ቀበርነው» ስትል ውኃው በየቧንቧው ተንፎለፎለ። ቤቱ ቃላቱን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አፏ ውስጥ ሳሉ ይቀድማታል። ሶልያና የምትሰማውን ሳታውቅ ግራ ተጋብታ እጇን አስለቀቀች። «ሊዱ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል? ቤቱን ሁሉ በጫጫታ ሞላሽው።»

ሊዲያ ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ ተናገረ። «ወይዘሮ ሊዲያ፣ የዛሬ ጉብኝትዎ አብቅቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ኪሩቤልን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። በሕይወቱ አንድ ቀን «ወይዘሮ» ብሏት አያውቅም። በረንዳ ላይ ወጥታ የአፏን መራራ ተፋች፤ ደጋግማ ተፋች፤ አልወጣላትም።

በዚያው ሳምንት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ያፌት ዘንድ ሄደች። ጋሽ ያፌት ከልብስ ስፌት ሥራው ጡረታ የወጣ ጭምት ሰው ነው፤ ጠብ አይወድም።

«አይሆንም፣ ሊዲያ» አለ። «አንቺው እንደነገርሽኝ ቤቱ ቃሉን አያሳልፍም። ደግሞ ብናረዳትና ቢወስዷት፣ ኃጢአቱ በማን ነው?»

«ቃል ማን ጠየቀህ? የባሌን መርዶ ያረዳኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ምን ብለህ ነበር?»

ጋሽ ያፌት አሰበ። «እንጃ… ምንም ያልኩ አይመስለኝም።»

«ብለሃል እንጂ! ስድስት ሆናችሁ ማልዳችሁ መጥታችሁ፣ ሳሎኔ ውስጥ ተደርድራችሁ ጫማችሁን ታያላችሁ። አንተ ጉሮሮህን ጠርገህ ‹ብርዱ እንዴት ነው› አልከኝ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በታኅሣሥ፣ ብርዱ እንዴት ነው! ያኔ ነው ባሌ እንደሞተ ያወቅኩት።»

ጋሽ ያፌት ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ አፈረ።

«ኃጢአቱን በእኔ አድርገው» አለች ሊዲያ። «በልጇ ሬሳ ድምፅ እንቁላል እያበሏት ነው፣ በጾም። ከዚህ የባሰ ኃጢአት ካለ አሳየኝና ልተወው።»

ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ መጡ። ጋሽ ያፌት፣ ሊዲያ፣ ሌሎች የዕድር ሰዎች፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አንዷ ሴት የጽዋ ማኅበሩን ዳቦ ይዛለች። ማኅበሩ በቤቱ ዘንድ የተፈቀደ ነው፤ «አረጋጊ ልማድ» ተብሎ ነው የተመዘገበው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለ ቤቱ በኪሩቤል ድምፅ። «ጠበል ነው?»

«ጠበል ነው» አለች ሊዲያ።

ቤቱ ክፍሉን አሞቀላቸው፣ መዝሙር ከፈተላቸው። እነሱ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። ዳቦውን ማንም አልቆረሰም። ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ቤቱም የሚያፍነው ቃል አላገኘም።

ሶልያና ከመኝታ ቤት ወጣች። በፈገግታ ነበር የጀመረችው፤ «እንዴት አደራችሁ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አልጨረሰችውም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየች። አንገታቸውን ደፍተዋል። ሕመሙ የባሏን ስም ወስዶባታል፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ወስዶባታል፣ አንዳንድ ቀን የገዛ እጇን ወስዶባት «ይሄ የማነው?» ትላለች። ማልደው የመጡ ሰዎች ዝም ብለው ሲቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልወሰደባትም።

«ማነው?» አለች።

«ተቀመጪ፣ ሶሊ።»

«አልቀመጥም። ማነው? እናቴ ናት?»

እናቷ ከሞተች ግማሽ ምዕት ዓመት ሆኗታል።

«እናቴ አይደለችም» አለች ራሷ። ጋሽ ያፌት ፊት ሄዳ ቆመች። «ልጄ ነው?»

ጋሽ ያፌት አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«የቱ? የቱ ልጄ ነው?»

የመረጋጋት መጠኗ እየወረደ ነበር፤ ቤቱም በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። «እማዬ! ምን ሆንሽብኝ? እኔ ነኝ፣ ኪሩቤል። ደኅና ነኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደነገጠ። ዳቦ የያዘችው ሴት አማተበች። ጋሽ ያፌት፣ የቀበረው ሰው ከኋላው እንደጠራው፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ሊዲያ ጆሮዋን ያዘች። ሶልያና ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ድምፁ ወደመጣበት ግድግዳ አየች። ገባት። መርዶውን ያረዳት ቤቱ ራሱ ነው።

«ኪሩቤሌ!» ብላ ጮኸች።

«አቤት፣ እማዬ» አለ ቤቱ።

ደረቷን መታች። «ኪሩቤሌ! ኪሩቤል የኔ ጌታ!»

«አቤት፣ እማዬ። እዚህ ነኝ።»

በጠራችው ቁጥር ይመልሳል። እናት በልጇ ሞት ስሙን እየጠራች ነው የምታለቅሰው፤ ሌላ አለቃቀስ የለም። መልስ አለማግኘቷ ነው ለቅሶው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሟቹ «አቤት» ይላል፣ «ውኃ ጠጪ» ይላል፣ «ትንፋሽ ሳቢ፣ አብረን እንሳብ» ይላል። ሊዲያ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ደበደበችው። ጋሽ ያፌት ሶልያናን ደግፎ ይዞ፣ እንባው በጢሙ እየወረደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ፀሐይ ሳትሞቅ ከድርጅቱ የመረጋጋት ተቆጣጣሪ ደረሰ። ኢዮስያስ ይባላል፤ ለስላሳ ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ማራናታም አብራው ከባቡር ወርዳ መጣች።

ሶልያና ልጇን ስታይ እጆቿን ዘረጋች። «ማራ፣ ወንድምሽን… ወንድምሽን አጣነው እኮ!»

ማራናታ እናቷ ጉያ ውስጥ ወደቀች። ኪሩቤል ከሞተ ጀምሮ እንዲህ አላለቀሰችም፤ አብራት የሚያለቅስ ሰው አልነበራትም። አሮጊቷ የልጇን ጀርባ እያሻሸች «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ትላት ነበር። ለአፍታ ያ ቤት ቤት መሰለ።

ኢዮስያስ በጨዋነት እስኪጨርሱ ጠበቀና ሊዲያን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። ማራናታም ፊቷን እየጠረገች ተከተለቻቸው።

«እናቴ፣ ሐዘንዎን እጋራለሁ» አለ። «ነገር ግን ጉዳት አድርሰዋል። ነገ ከዚህ ምን ይቀራታል? ምንም። ዛሬ ግን ተሰቃየች። በእርስዎ ቋንቋ ይህ ምን ይባላል?»

«ሐዘን ይባላል። ስም አለው። ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራው ነበር።»

«እኛ በሽታውን ተከትለን ነው የምንሠራው። ከተገልጋይ ጋር ክርክር አንገጥምም።»

«እሱማ አትገጥሙም! በላይዋ ቀን ትሰርዛላችሁ፣ ዝናብ ታዘንባላችሁ፣ ሬሳ ታናግራላችሁ። ለመሆኑ አንተ እናት አለችህ?»

«አለችኝ። የአገልግሎታችን ተጠቃሚ ናት» አለ ኢዮስያስ፤ እንደሚያኮራ ነገር።

ሊዲያ ወደ ማራናታ ዞረች።

«ሶሊ እኔ ቤት ትምጣ» አለች። «የቤቴ በር ያውና። አብረን እንጾማለን፣ አብረን እናለቅሳለን። ስትረሳ እነግራታለሁ፤ ስትጠይቀኝ አልዋሻትም።»

«ፈቃድ ያለው ቤት አይደለም» አለ ኢዮስያስ። «ሁለት መንገድ ነው ያለን። መጠኗ ከወሰኑ በታች ስለወረደ ዛሬውኑ ወደ ማእከል መውሰድ እንችላለን። ወይም የመጠኑን መውረድ ያመጣውን ምክንያት ካስወገድን፣ ቤቷ ትቆያለች። ምክንያቱ ጎብኚዎቹ ናቸው። ውሳኔው የቤተሰብ ነው።»

ሁለቱም ማራናታን አዩአት። እንባዋ ጉንጯ ላይ ገና አልደረቀም። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ «ማራ! የት ሄድሽ፣ ልጄ?»

«ማራናታ» አለች ሊዲያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን አብራችሁ ስታለቅሱ አየኋችሁ። ይሄ ነው ጉዳቱ?»

ማራናታ አላየቻትም። «ቤቷ ትሁን» አለች። «ጎብኚዎቹ ይቅሩ።»

«እርስዎንም ይጨምራል» አላት ኢዮስያስ በትሕትና።

«እሺ» አለች።

እናቷን ሳትሰናበት ወረደች፤ መሰናበት መጠን ያወርዳል። የዕድሩ ሰዎችም አንድ በአንድ ወጡ፤ በሩ የእያንዳንዳቸውን ፊት እያየ ከሚያውቃቸው ሰዎች ዝርዝር ሰረዛቸው። ጋሽ ያፌት ደረጃው ላይ ቆሞ «አላልኩሽም?» አለ።

«ብለኸኛል» አለች ሊዲያ። «ግን አልቅሳለች።»

በማግስቱ ጠዋት ሶልያና እንቁላሉን አልነካችም። ከሣጥኗ ነጠላ አወጣች፤ ጥለቱን ወደ ፊቷ አዘቅዝቃ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። ፍራሿን ከአልጋው ጎትታ ሳሎኑ መሐል ወለል ላይ አነጠፈች፤ ተቀመጠችበት።

«እማዬ» አለ ቤቱ። «ነጠላሽን ገልብጠሻል። አስተካክዪው።»

«አልገለበጥኩም። ሐዘን ላይ ነኝ።»

ተገልጋይን መቃወም በደንቡ ክልክል ነው። «ምን ሆንሽ፣ እማዬ?»

«ሰው ሞቶብኛል። ማን እንደሆነ ጠፋኝ።» እጇን ደረቷ ላይ፣ ቆዳው በልዞ ባበጠበት ላይ አደረገች። «የሩቅ አይደለም ግን። ይኸው፣ መትቼዋለሁ። ለሩቅ ሰው እንዲህ አይመታም።»

«እግዜር ያጥናሽ» አላት ኪሩቤል።

«አሜን። ስላጽናናኸኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።» ነጠላዋን አገጯ ድረስ ሰበሰበች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ያንቺ ነኛ፣ እማዬ።»

«ውሸትህን ነው። የኔ ልጅ ቢሆን እንዲህ ባለ ቀን መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል እንጂ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ አያወራኝም። እናት የለህም?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ሂድና እሷን ጠይቃት» አለች ሶልያና። «እኔን ተወኝ፤ ዝም በልልኝ። ላልቅስ።»